የዘወትር እንቅስቃሴ በክዋኔ ቪዲዮ፤ ስለ ጥቂት ስያሜዎች አመራረጥ

የሥነ ጥበብን ታሪክ በአማርኛ ለማስተማርም ሆነ ለመጻፍ የሚደክሙ ሰዎች በየጊዜው ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነው። አንድ ሠዓሊ ወይም ቀራፂ ብሩሹንና መሮውን አስቀምጦ፣ ከቪዲዮ መቅረጫ ፊት ቆሞ፣ መራመድን፣ ፀጉር ማበጠርን፣ ዕቃ አንሥቶ ማስቀመጥን የመሰለ ማንም ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር ደግሞ ደጋግሞ ቢያደርግና ይህንኑ «ሥራዬ ነው» ብሎ ቢያቀርብ፣ ሥራውን በአማርኛ ምን ብለን እንጥራው?

ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ ይመስላል። ሆኖም መልሱን ስንፈልግ አራት ቃላት ተያይዘው መጡብን፤ እነርሱም ድርጊቱ የሚቀርብበትን ሁኔታ፣ የድርጊቱን ተራነት፣ የአካሉን መንቀሳቀስና ድግግሞሹን የሚገልጹ ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱን ለመምረጥ ብዙም አልተቸገርንም ለማለት ይቻላል። አራተኛው፣ ማለትም ድግግሞሹ፣ ወደ አማርኛ ግሥ ውስጠኛ አሠራር ይዞን ገባ። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ሐተታችን በእርሱ ላይ ያተኩራል።

ስለ ቃላቱ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ነገሩ ጥቂት ማለት ይገባል፤ ነገሩን ሳያውቁ ስም ማውጣት ትርፉ ድካም ነውና። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1962 በኒው ዮርክ ከተማ በጀድሰን መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን የተሰባሰቡ ወጣት የዳንስ ሰዎች መራመድን፣ መቀመጥን፣ ዕቃ መሸከምን እንደ ዳንስ አድርገው ማቅረብ ጀመሩ። ከእነርሱ አንዷ የነበረችው ኢቮን ሬይነር ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሕመም ላይ ሳለች በ1966 በተነሣው አጭር ፊልም የሚታየው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ እርስ በርሳቸው ይተሻሻሉ። ሌላ ምንም የለም። በ1967 ደግሞ የሶኒ ኩባንያ አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞ ሊጠቀምበት የሚችል የቪዲዮ መቅረጫ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው የፊልም ያህል ጥራት አልነበረውም፤ ነገር ግን ፊልም ታጥቦ እስኪመለስ መጠበቅ ቀረ፤ ሠሪው የቀረጸውን ወዲያው መልሶ ማየት ቻለ፤ ካሜራውን በመቆሚያው ላይ አቁሞ ብቻውን ከፊቱ ለመሥራትም ቀለለው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ብሩስ ናውማን ነው። ናውማን ትምህርቱን ጨርሶ የራሱን የሥራ ክፍል ሲይዝ ገንዘብም ማቴሪያልም ስላነሰው በክፍሉ ውስጥ ሲመላለስና ቡና ሲጠጣ መዋል ጀመረ፤ ከዚያም ሠዓሊ ከሆንኩና በሥራ ክፍሌ ውስጥ ካለሁ በዚህ ክፍል የማደርገው ሁሉ ሥነ ጥበብ መሆን አለበት ከሚል አስተሳሰብ ላይ ደረሰ። በ1967 እና በ1968 በወለሉ ላይ ባለአራት ማዕዘን መሥመር ለጥፎ፣ ዳሌውን እያጋነነ በመሥመሩ ዙሪያ ሲራመድ ራሱን በ16 ሚሊሜትር ፊልም ቀረጸ። ፊልሙ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በ1968 ወደ ቪዲዮ ሲዞር ግን ሥራዎቹ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ግድም ረዘሙ፤ በክፍሉ ውስጥ ወለሉን በእግሩ እየደበደበ ሲዞር የሚታይበት፣ በማዕዘን ላይ ቆሞ ጀርባውን ከግድግዳው እያላተመ የሚመለስበት፣ ካሜራው በጎኑ ተጋድሞ እግሩን ቀጥ አድርጎ እያነሣ የሚራመድበት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ርዝመቱን የወሰነው የቪዲዮው ክር እንጂ ታሪክ አይደለም፤ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለው ታሪክ በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ አይገኝምና። ክሩ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል።

ወደ ስያሜው እንመለስ። «ፐርፎርማንስ» ለሚለው ቃል መጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጣው «ተውኔት» ወይም «ትወና» ነው። ተርጓሚዎችም በብዛት የሚጽፉት ይህንኑ ነው። በአንድ ወቅት ለእርማት ከቀረበልን ረቂቅ ውስጥ «ተዋናይዋ በሥቃይ ፀጉሯን ስታበጥር ትታያለች» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘን። የተነገረው የቤልግሬድ ተወላጅ የሆነችው ማሪና አብራሞቪች በ1975 በኮፐንሃገን ስላቀረበችው ሥራ ነበር። አብራሞቪች በአንድ እጇ የብረት ብሩሽ፣ በሌላው የብረት ማበጠሪያ ይዛ ፀጉሯን በኃይል ታበጥራለች፤ እያበጠረችም ሥነ ጥበብ ውብ መሆን አለበት፣ የጥበብ ሰውም ውብ መሆን አለበት የሚል አንድ ሐሳብ ደግማ ደጋግማ ትናገራለች፤ ይህንንም ፀጉሯና ፊቷ እስኪጎዱ ትቀጥላለች። «ተዋናይዋ» የሚለውን ቃል ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ ምን ይረዳል? ሥቃዩ የሌላ ሰው ሥቃይ ማሳያ ነው ብሎ ይረዳል። ተዋናይ በመድረክ ላይ ሲሞት ተመልካች ሐኪም አይጠራምና። እዚህ ግን የተጎዳው ፊት የማንም ገጸ ባሕርይ ፊት አይደለም፤ የተነቀለውም ፀጉር የእርሷው ነው። አንድ የተሳሳተ ቃል ሥራውን በሙሉ ወደ ማስመሰል ለወጠው። ረቂቁን ያዘጋጀው ሰው ሥራውን በሚገባ የሚያውቅ ነበር፤ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ቃል ነው። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም ያ ዐረፍተ ነገር ነው።

(እግረ መንገዳችንን፣ «አበጠረ» የሚለው ግሥ ለፀጉርም ለእህልም ያገለግላል፤ አንድን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰውም «አበጥሮ ያውቃል» ይባላል። በሦስቱም ፍቺዎች ውስጥ የማይፈለገውን ከሚፈለገው የመለየት ሐሳብ አለ። ከአብራሞቪች ሥራ ላይ ይህ ሐሳብ ሲጨመርበት አማርኛው ከመነሻው ቋንቋ የበለጠ ይናገራል ማለት ነው፤ ለተርጓሚ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገጥመውም።)

«ትርኢት» እና «ትዕይንት» የሚሉት ቃላት ማስመሰልን የግድ አያመለክቱም፤ ሁለቱም ግን ተመልካችን ይጠራሉ፤ ከማየት የተገኙ ናቸውና። ናውማን ሲራመድ በክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። በመሆኑም በፎክሎር ጥናት ሲሠራበት የቆየውን «ክዋኔ» የሚለውን ቃል መርጠናል። በፎክሎር ክዋኔ ማለት ተረቱ ወይም ዘፈኑ በወረቀት ላይ እንዳለ ሳይሆን በአንድ ቦታና ጊዜ፣ በአንድ ሰው አካልና ድምፅ ሲፈጸም ማለት ነው። ይህ ለያዝነው ጉዳይ ይስማማል። ከባልደረቦቻችን አንዱ ተቃውሞ አቅርቦ ነበር፤ ይኸውም ቃሉ «ተከናወነ» ከሚለው ጋር የተዛመደ ስለሆነ የመሳካትና የመፈጸም ሐሳብ አዝሏል፣ እነዚህ ሥራዎች ግን የሚፈጸም ነገር የላቸውም የሚል ነው። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ነገር ግን የተሻለ ቃል አላቀረበልንም፤ እኛም አላገኘንም። «ቪዲዮ» የሚለውን እንዳለ መተው እንደሚሻል ግን ሁላችንም ተስማምተናል። ሕዝብ የለመደውን ቃል ከአፉ ነጥቆ በግእዝ የተሠራ ቃል መስጠት የዚህ ዓይነቱን ሥራ ወደ አንባቢ አያቀርበውም።

ለተራነቱ መግለጫ «ዕለታዊ» እና «የዕለት ተዕለት» የሚሉ ቃላት ቀርበው ነበር። «ዕለታዊ» የሚለው መቁጠርን ያመጣል፤ ዕለታዊ ጋዜጣ በቀን አንድ ጊዜ ይወጣል። እኛ የመረጥነው «የዘወትር» የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ «የዘወትር» እና «የክት» ብሎ የለየው ልዩነት በሌላ ቋንቋ በአንድ ቃል ሊገለጽ የማይችል ሆኖ ስላገኘነው ነው። የዘወትር ልብስ ተለብሶ ይዋላል፣ ይቆሽሻል፣ ማንም ልብ አይለውም፤ የክት ልብስ ግን ታጥቦና ታጥፎ በሣጥን ይቀመጣል፤ የሚወጣውም ለበዓልና ለሠርግ ነው። ሥነ ጥበብ በብዙ አገር የክት ነገር ሆኖ ኖሯል። ናውማንና ጓደኞቹ ያደረጉት የዘወትሩን ወደ ክት ቦታ ማምጣት ነው፤ ሳያጥቡትና ሳያጥፉት።

ስለ አካል መንቀሳቀስ ረዘም ያለ ክርክር አልተደረገም። «ምልክት» የሚለው ቃል ትርጉም ያለውን ይመለከታል፤ እጅ መንሣት፣ መጥቀስ፣ ጣት መቀሰር ሁሉ አንዱ ለሌላው የሚያስተላልፈው መልእክት ያላቸው ናቸው። ወለል የሚጠርግ ሰው ግን ለማንም ምንም አይናገርም፤ ይጠርጋል እንጂ። ስለዚህ «እንቅስቃሴ» ብለናል። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ እንቅስቃሴን ወደ ምልክት የሚለውጥ በመሆኑ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ድግግሞሹ እንለፍ። እንደሚታወቀው አማርኛ ድግግሞሽን በግሡ ግንድ ውስጥ ያሳያል። ሰበረ ሰባበረ፣ ቆረጠ ቆራረጠ፣ ጠረገ ጠራረገ ይላል፤ መካከለኛው ፊደል ይደገማል፤ ከሁለቱም የፊተኛው በራብዕ ይጻፋል። ተርጓሚ «እየደጋገመ ጠረገ» ለማለት ሲፈልግ ወዲያው ወደዚህ ግንድ ይሮጣል፤ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። «እንጨቱን ቆራረጠ» ስንል ብዙ ቁራጭ አለ ማለታችን ነው። «ቤቱን ጠራረገች» ስንል እዚህም እዚያም ፈጠን ብላ ጠርጋ ጨረሰች ማለታችን ነው። «ሥራውን ነካካው» ስንል ደግሞ ጥቂት ጥቂት ሞክሮ ተወው እንላለን። ይህ ግንድ የሚቆጥረው ከአድራጊው ይልቅ ተደራጊውን ነው፤ ወይም ድርጊቱን ያቀለዋል። አንድ ሰው አንዱን ነገር በአንድ ቦታ፣ በአንድ አኳኋን፣ ምንም ለውጥ ሳያመጣ ለአንድ ሰዓት ሲያደርግ መዋሉን አይገልጽም። እንዲያውም ተቃራኒውን ይገልጻል፤ የተሰባበረ ነገር መልሶ አይሰበርምና።

ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጥ አንድ ግሥ አለ፤ እርሱም «ተመላለሰ» ነው። መመላለስ የሚሰባበርም የሚቆራረጥም ተደራጊ የለውም፤ ሂያጁ ራሱ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። በመሆኑም ስለ ናውማን ስንጽፍ ያለ ሥጋት «ይመላለሳል» ልንል እንችላለን። «ይንጎራደዳል» ማለት ግን አንችልም፤ የሚንጎራደድ ሰው ወይ ተጨንቋል ወይ ኮርቷል፤ የናውማን እርምጃ ግን ከሁለቱም የለበትም፤ መሥመሩን ብቻ ይከተላል።

ሌላው የግሥ ዓይነት ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ቀጠቀጠ፣ ፈቀፈቀ፣ ፈተፈተ፣ ሸከሸከ፣ ገዘገዘ፣ ወዘወዘ፣ ነቀነቀ፣ አለቀለቀ የሚሉት ግሦች በዘራቸው ሁለቱ ፊደላት ተደግመው የሚገኙባቸው ናቸው። «ሰባበረ» ከ«ሰበረ» እንደ ተገኘ፣ «ቀጠቀጠ» ከምን ተገኘ ብለን ብንጠይቅ በዛሬው አማርኛ አንድ ምት ብቻ የሚገልጽ «ቀጠ» የሚል ግሥ አናገኝም። ቋንቋው አንዱን ምት ለብቻው አላሰበውም፤ መቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙ ነው። «አንድ ጊዜ ቀጠቀጠው» ብንል እንኳ ያ አንድ ጊዜ በውስጡ ብዙ ምቶች አሉት። አንባቢ ዝርዝሩን መልሶ ቢመለከት አብዛኞቹ በማድ ቤት፣ በወፍጮ አጠገብ፣ በአናጢና በአንጥረኛ ቤት የሚሠሩ የእጅ ሥራዎች መሆናቸውን ይረዳል። (ምላስም ከእጅ አልቀረም፤ ነዘነዘንና ጨቀጨቀን ይመለከቷል።) ማለትም ሥነ ጥበብ በ1960ዎቹ በካሜራ ፊት አቁሞ ልዩ ነገር አድርጎ ያቀረበውን፣ የሥራ እጅ የማያባራ ድግግሞሽ፣ የእነዚህ ግሦች ፊደላት ከጥንት ጀምሮ ሲያሰሙት ኖረዋል። እኛ ግን ለፈተና እንዲሆን «ባለ አራት ፊደል ግሥ» ብለን አስተምረን እናልፈዋለን።

ሦስተኛው መንገድ የተጣመሩ አጫጭር ቃላት ናቸው፤ ያዝ ለቀቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ ቁጭ ብድግ የመሳሰሉት። አሜሪካዊው ቀራፂ ሪቻርድ ሴራ በ1968 በሠራው አጭር ፊልም አንድ እጅ ከላይ የሚወድቅ የእርሳስ ብረት ቁራጭ ለመያዝ ይሞክራል፤ አንዳንዱን ይይዛል፣ ወዲያው ይለቀዋል፤ አንዳንዱ ያመልጠዋል፤ ሌላው ይወድቃል። በአማርኛ ይህን ፊልም ለመግለጽ «ያዝ ለቀቅ ያደርጋል» ከማለት የተሻለ ዐረፍተ ነገር አይገኝም። ችግሩ ይህ አነጋገር በዘወትር አማርኛ ተሸክሞት የሚኖር ሌላ ፍቺ መኖሩ ነው፤ ዝናቡ፣ ሕመሙ ወይም ሠራተኛው «ያዝ ለቀቅ ያደርጋል» ሲባል አይዘልቅም፣ አይጸናም ማለት ነው። የሴራ እጅ ግን የሚጸና እጅ ነው። ቪቶ አኮንቺ በ1970 ማለዳ ማለዳ በመኖሪያ ቤቱ 18 ኢንች ቁመት ባለው ዱካ ላይ በደቂቃ 30 ጊዜ እየረገጠ ይወጣና ይወርድ ነበር፤ እስኪደክመውም ይቀጥል ነበር። (ይህ ሥራ የተመዘገበው በዋናነት በፎቶግራፍና በጽሑፍ ነው፤ ከቪዲዮ ሥራዎች ጋር የጠቀስነው በዓይነቱ አንድ ስለሆነ ነው።) ለዚህ ደግሞ «ውጣ ውረድ» አለን። ቃሉ የተሠራው ከሁለት ትእዛዞች ነው፤ ውጣ፣ ውረድ። ትእዛዙን ማን እንደ ሰጠ አይነገርም፤ ታዛዡ ብቻ ይታወቃል። አማርኛ ተናጋሪ የሕይወትን ድካም በዚህ ስም ጠራው፤ አኮንቺ ደግሞ ድካሙን ትቶ ትእዛዞቹን ብቻ ለራሱ ሰጠ።

የመጨረሻው መንገድ በአንቀጽ ውስጥ ያለ ነው። «ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው»፣ «ብትጠራው ብትጠራው አልሰማም» እንላለን። «ቢ» የሚለው ቅጥያ ከግሡ ጋር ሁለት ጊዜ ሲደገም፣ ድርጊቱ ብዙ ጊዜ መፈጸሙንና ፍሬ አለማስገኘቱን በአንድነት ያስረዳል። አድማጩ ሁለተኛውን «ቢ» እንደ ሰማ የሚመጣው አሉታ መሆኑን ያውቃል። ይህ አነጋገር ለፍራንሲስ አሊስ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ቤልጅጋዊው አሊስ በ1997 በሚኖርባት በሜክሲኮ ከተማ ትልቅ የበረዶ ግንድ በየመንገዱ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ገፋ። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይገፋ ነበር፤ በረዶው እያነሰ ሲሄድ በእግሩ እየመታ አስኬደው፤ በመጨረሻም በአስፋልቱ ላይ ትንሽ ውኃ ቀረ። ቪዲዮው አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳል። ይህን ሥራ በአማርኛ ለመተረክ ስንሞክር «በረዶውን ቢገፋው ቢገፋው» ብለን ጀመርንና የሚከተለውን አሉታ ፈለግን። «አልደረሰም» እንዳንል የሚደርስበት ቦታ አልነበረውም። «አልቻለም» እንዳንል ችሏል፤ ዘጠኝ ሰዓት ገፍቷል። የቀረን አንድ ቃል ነበር፤ «ቢገፋው ቢገፋው በረዶው አለቀ» የሚል። አማርኛ «አለቀ» ሲል ሥራው ተፈጸመ ማለቱም ነው፣ ገንዘቡ ወይም ዘይቱ ጠፋ ማለቱም ነው። ሥራው አለቀ፣ በረዶው አለቀ። አሊስ ለሥራው የሰጠው ስም አንዳንድ ጊዜ አንድን ነገር መሥራት ወደ ምንም ያደርሳል የሚል ሐሳብ አለው፤ እኛ ያን ሁሉ በሁለት ፊደል ስር ባለ አንድ ግሥ እንለዋለን። ከላይ ስለ «ክዋኔ» ላነሣው ባልደረባችንም ይህ በከፊል መልስ ይሆነው ይሆናል።

እንቅስቃሴን ወደ ምልክት የሚለውጥ ሥራ አለ ብለን ነበር። እርሱም ማርታ ሮዝለር በ1975 የሠራችው፣ ስድስት ደቂቃ ያህል የሚወስድ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ስሙን «የማድ ቤት ሥነ ምልክት» ብለን ተርጉመነዋል። የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ይህን ቪዲዮ ያለ ሐፍረት ሊመለከተው አይችልም፤ መዝገበ ቃላት ነውና። ሮዝለር በማድ ቤት ውስጥ ከጠረጴዛ ኋላ ቆማ በእንግሊዝኛ ፊደል ቅደም ተከተል አንድ አንድ ዕቃ ታነሣለች፤ በሽርጥ ትጀምራለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ አጠቃቀሙን በእንቅስቃሴ ታሳያለች፣ ታስቀምጣለች። ካሜራው ከቦታው አይንቀሳቀስም። አቀራረቡ በቴሌቪዥን የምግብ አሠራር ከሚያስተምሩ ሴቶች የተወሰደ ነው፤ ፈገግታው ብቻ ቀርቷል። በረዶ መውጊያውን አንሥታ ከጠረጴዛው ላይ ትወጋለች። በጭልፋው የሌለ ወጥ ጨልፋ ወደ ጎን ትደፋዋለች። ፊደሉ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ዕቃ ማንሣቷን ትታ፣ ቢላዋና ሹካ በእጆቿ እንደ ያዘች በክንዶቿ የፊደላቱን ቅርጽ ትሠራለች፤ የመጨረሻውንም ፊደል በቢላዋው አየሩን ቆርጣ ትጽፈዋለች።

ዝርዝሩን ወደ አማርኛ ለመመለስ ስንሞክር ያልጠበቅነው ነገር ታየን። መጭመቂያ፣ መክፈቻ፣ መፈቅፈቂያ፣ የሥጋ መቀጥቀጫ፣ የእንቁላል መምቻ፣ የሊጥ መዳመጫ። ሹካ፣ ቢላዋና ማንኪያ ስለ ሥራቸው ዝም ይላሉ፤ የቀሩት ግን ስማቸው ከእንቅስቃሴያቸው የተቀዳ ነው። ጭልፋም ቢሆን ከጨለፈ ነው። በእንግሊዝኛም እንዲህ ያሉ ስሞች አሉ፤ በአማርኛ ግን መንገዱ ሰፊና ክፍት ስለሆነ ማንኛውም አዲስ ዕቃ ወደ ቤት ሲገባ በዚሁ ደንብ ስም ይወጣለታል። ስለዚህ ሮዝለር በጭልፋው አየር ጨልፋ ስትደፋ በእንግሊዝኛ የምታፈርሰው የዕቃውን አገልግሎት ነው፤ በአማርኛ ግን ስሙን ጭምር ታፈርሳለች። በተጨማሪም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በዘር ከተደረደረ መጭመቂያ በ«መ» አይገኝም፤ በ«ጨመቀ» ሥር ይገባል። የሮዝለር ማድ ቤት በእኛ ደንብ ቢደረደር የዕቃ ዝርዝር መሆኑ ይቀርና የእንቅስቃሴ ዝርዝር ይሆናል።

ይህ ደስ አሰኝቶን ነበር፤ ደስታችን ግን ሩቅ አልሄደም። በአማርኛ መዝገበ ቃላት ግሥ የሚመዘገበው በወንድ በሩቅ በኀላፊ ነው፤ ጨመቀ፣ ጋገረ፣ ወቀጠ፣ ፈተፈተ፤ ማለትም እርሱ። ይህ የቅርጽ ጉዳይ ነው፤ አጭሩ ቅርጽ እርሱ ስለሆነ ነው እንላለን፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ስለ «የማድ ቤት ሥነ ምልክት» ለመጻፍ ስንዘጋጅ የራሳችንን የምሳሌ ካርዶች አውጥተን ተመለከትን። ርእሱ «ጋገረ»፤ ምሳሌው «እናቱ እንጀራ ጋገረች»። ርእሱ «ወቀጠ»፤ ምሳሌው «በርበሬውን ወቀጠችው»። ፈተገ፣ አቦካ፣ ፈጨ፣ አለቀለቀ፣ ሁሉም እንደዚሁ። ቆፈረ፣ ፈለጠ፣ ጠረበ ሲሆኑ ምሳሌዎቹ ወደ ወንድ ይመለሳሉ። እነዚህን ምሳሌዎች የጻፍናቸው እኛ ራሳችን ነን፤ በብዙ ዓመታት፣ በተለያየ ቦታ፣ አንዱን ከሌላው ጋር ሳናስተያይ። ማንም እንዲህ ጻፉ አላለንም። ርእሱ ለእርሱ፣ ድካሙ ለእርሷ ሆኖ ተገኘ። ለመከላከል ያህል ምሳሌ የኅብረተሰቡን አነጋገር መከተል አለበት ልንል እንችላለን፤ እንዲህ ብለንም ነበር። ሆኖም የሮዝለር ቪዲዮ የሚያሳየው በትክክል ይህን ነው፤ ሴትዮዋ ዕቃውን ደጋግማ በማንሣቷ እርሷ ራሷ በዝርዝሩ ውስጥ ገብታ ከዕቃዎቹ አንዱ ትሆናለች፤ በክንዶቿ ፊደል መሥራቷም ይህንኑ ለማለት ነው። የእኛ ካርዶችም እንዲሁ አድርገዋል። ለሚቀጥለው ሥራችን የማድ ቤት ግሦችን ምሳሌ እንደገና እየጻፍን ነው፤ ሁሉንም ወደ ወንድ ለመለወጥ ሳይሆን፣ «ጋገረ» በሚለው ርእስ ሥር ቢያንስ አንድ የሚጋግር ሰው እንዲገኝ ነው።

የቀሩት ስያሜዎች ብዙ ሐተታ አያስፈልጋቸውም። በሙዚየም አዳራሽ ቪዲዮው ሲያልቅ ወዲያው ከመጀመሪያው እንዲቀጥል ተደርጎ ሲዘጋጅ «አዙሪት» የሚሉት አሉ፤ እኛ ግን አዙሪት መውጫ ያጣ ሰው ያለበት ክፉ ነገር ስለሆነ አልወደድነውም። «ዙር» ብንል መቁጠር ይመጣል፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የተለየ ይመስላል። «ዞሮ ገጠም» የሚለውን አቅርበናል፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር የሚገናኝ ማለት ነው። ካሜራው ሳይንቀሳቀስ የሚቀረጽበትን አኳኋን «ቁም ቀረጻ» ብለነዋል፤ አንባቢ የተሻለ ካለው እንቀበላለን። ለጠቅላላው ዓይነት «ክዋኔ ቪዲዮ»፣ ለይዘቱ «የዘወትር እንቅስቃሴ»፣ ለአሠራሩ «ድግግሞሽ» የሚሉት እንዲጸኑ ሐሳብ አቅርበናል፤ ግሦቹን በሚመለከት ግን አንድ ወጥ ስያሜ ከመስጠት ይልቅ ተርጓሚው እንደየሥራው ጠባይ «ተመላለሰ»ን፣ «ያዝ ለቀቅ»ን ወይም «ቢገፋ ቢገፋ»ን እንዲመርጥ መተው ይሻላል።

ሳይቋጭ የቀረ አንድ ካርድ አለ። ሮዝለር የመጨረሻውን ፊደል ከጻፈች በኋላ ቢላዋውንና ሹካውን ይዛ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ትመልሳለች፤ ቪዲዮው በዚህ ያበቃል። በአገሯ ይህ «እንግዲህ ምን ይደረግ» የማለት ምልክት ነው። እኛ «ትከሻዋን ሰበቀች» ብንል አማርኛ አንባቢ ጭፈራ የጀመረች ይመስለዋል፤ «ትከሻዋን ነቀነቀች» ብንል ድግግሞሽ ይጨመርበታል፤ እርሷ ግን በስድስቱ ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ያደረገችው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ለጊዜው በካርዱ ላይ የሠፈረው «ትከሻዋን ከፍ አድርጋ መለሰች» የሚል ነው፤ በእርሳስ።